እህቴ ጥርሷን ያነጣችበት ክረምት

እኔና እህቴ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነን በጥርሳችን አንገናኝም። የኔ ነጭ ነው። የእሷ ከበቀለ ጊዜ ጀምሮ የበለዘ፣ ፊት ለፊቶቹ ላይ ቡናማ መስመር የተጋደመበት፣ ጫፍ ጫፉን ደግሞ ኖራ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ ያለበት ነበር። ልጆች ሳለን ሁለታችንን ጎን ለጎን ያየ ሰው እኔን ንጹሕ፣ እሷን ሰነፍ አድርጎ ይቆጥር ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔ መፋቂያ የምይዘው ለወጉ ያህል ሲሆን እሷ ድዷ እስኪደማ ድረስ ትፋቅ ነበር።

ነገሩ የውሃ ነው። እኔ የተወለድኩት ደጋ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ አባታችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ እርሻ የውሃ ሞተር ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረና እኛም ተከትለነው ወረድን። እህቴ እዚያ ተወለደች። አባታችን ሲሞት እናታችን ሁለታችንን ይዛ አዲስ አበባ መጣች። ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ቤት ተከራየችና እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች አሳደገችን።

አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ እህቴን «ዝገት» አሏት። ስሙ ለዓመታት ተከተላት። እሷም አፏን ገጥማ መሳቅ ለመደች። ሳቅ ከመጣባት እጇ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል፤ ነጠላ ለብሳ ከሆነ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የተኮሳተረች ትመስላለች። እኔ ከእሷ ጋር ፎቶ ስነሳ መሳቅ ያሳፍረኝ ስለነበር እኔም ተኮሳትሬ ወጥቻለሁ። አልበማችንን የሚያይ ሰው የተጣላ ቤተሰብ ይመስለዋል።

አድጋ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ሆነች። እንደ ልቧ የምትስቀው ከሕፃናቱ ጋር ብቻ ነበር። አንዷ ሕፃን አንድ ቀን አፏን ትኩር ብላ አይታ «ቲቸር፣ ቸኮሌት በልተሽ ነው?» አለቻት።

«አዎ፣ ተደብቄያችሁ በላሁ» አለቻት እህቴ።

ይህንን እየሳቀች ነገረችን፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

እጮኛዋን ያገኘችው እዚያው ነው። የትምህርት ቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ የመጣ ባለሙያ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ እሷም በሰው ፊት ዝምተኛ ናት። እንዴት እንደተግባቡ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሽማግሌ ልኮ እናቴ እሺ ካለች በኋላ፣ እናት ሆነው ያሳደጉት አክስቱ እኛን ለማየት ቤታችን መጡ። ጥሩ ዋልን። እህቴ ጎንበስ ቀና ብላ አስተናገደቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ «ልጅቷ መልካም ናት፤ ግን ትኮራለች። ውዬ ስመለስ እንኳ ጥርሷን አላየሁም» ብለው ነገሩት። እሱ የሚያስቅ ነገር መስሎት ለእህቴ አወራላት።

እሷ አልሳቀችም። ቤት መጥታ መስታወቱን ከግድግዳው ላይ አወረደችና በመስኮቱ ብርሃን አፏን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየች። ሰርጉ ለጥቅምት ተቆርጦ ነበር፤ ጊዜው ሰኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አብዛኛውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያ ሎሚ በጨው ነክራ ፈገፈገችው። ቀጥላ ከሰል ወቅጣ በጨርቅ ነፋችና በዱቄቱ ሞከረችው። በመጨረሻ ስልኳ ላይ አይታ አንድ ጄል አዘዘች፤ ማሸጊያው ላይ የምትስቅ የፈረንጅ ሴት ምስል እንጂ የምናነበው ነገር አልነበረበትም። ከሚገባው በላይ ብዙ ቀብታ፣ ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ አፏ ውስጥ አቆየችው። ድዷ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ጥርሷ ግን እንደነበረ ነው።

ሐምሌ ሲገባ፣ ለክረምት ትምህርት ጠዋት ጠዋት ወደ ታክሲ ስትሄድ አፏን በነጠላ ጠቅልላ መሄድ ጀመረች። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ተጎነጨችና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ጎንበስ አለች። ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ እንባዋ ወረደ።

«ምን ሆንሽ?»

«ነዘረኝ፣ እታለም። እስከ ጆሮዬ ድረስ ነው የሚነዝረኝ። ንፋስ እንኳ ሲገባብኝ እንደዚሁ ነው።»

እናታችን ያን ጊዜ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ልቧ ደክሞ እግሯ ያብጥ ነበር፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሦስት አራት ትራስ ደርድረን ደገፍ እናደርጋታለን። ከዚያው ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

«ሎሚ ለሰላጣ ነው እንጂ ለጥርስ ነው ያለሽ ማነው?» አለች። «ነገ ይዘሻት ሂጂ» አለችኝ ቀጥላ።

እኔ ጀሞ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። ከስፌት ቤቱ ማዶ ባለ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ እንዳለ አውቃለሁ፤ አስፈቅጄ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። እህቴ ገና አፏን እንደከፈተች «በሎሚ ፈግፍገሽዋል?» አለቻት።

እህቴ አፏ እንደተከፈተ በዓይኗ ወደ እኔ አየች።

«በሎሚም፣ በከሰልም፣ ስሙን በማናውቀው ነገርም» አልኩ እኔ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ትንሽ መስታወት አስያዘቻትና ቡናማውን መስመር አሳየቻት። «ይሄ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው። ብትፈገፍጊው እሱ አይለቅም፤ የሚለቀው የጥርሱ መከላከያ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ ቀዝቃዛውም ትኩሱም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አሁን የሚነዝርሽ ለዚህ ነው። የት ነው ያደግሽው?»

እህቴ ነገረቻት።

«የጉድጓድ ውሃ ነበር የምትጠጡት?»

«ከሞተሩ ነበር። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ።»

«እሱ ነው። የዚያ አገር የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በሕፃንነቱ እሱን የጠጣ ሰው ጥርሱ እንደዚህ ይሆናል። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«ታዲያ አይነጣም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች እህቴ።

«እንደ እህትሽ ጥርስ አይሆንም፤ ያንን አልዋሽሽም። ቀስ ካልን ግን ቡናማው ይደበዝዛል። የምትቸኩዪ ከሆነ እኔ አልነካውም።»

«ሰርጌ እኮ ጥቅምት ላይ ነው።»

«ጥርሱ ሰርግሽን አያውቅም» አለች ሐኪሟ፣ ፈገግ ብላ።

በመጀመሪያ አንድ የተቦረቦረ የመንጋጋ ጥርሷን ሞላችላት። ቀዳዳ ባለበት ማንጫ መቀባት ሕመም መጥራት ነው አለች። ቀጥላ ለሚነዝር ጥርስ የተዘጋጀ ሳሙናና ለስላሳ ቡርሽ አዘዘችላት፤ ሎሚና ኮምጣጣ ነገር እንዲቀር፣ የሚጎመዝዝ ነገር በልታ ከሆነ ወዲያው እንዳትቦርሽ ነገረቻት። ሳምንታት ካለፉና ንዝረቱ ከበረደ በኋላ በጥርሷ ልክ ስስ የፕላስቲክ ቅርጽ አሠራችላትና ጉልበቱ ዝቅ ያለ ማንጫ ጄል ሰጠቻት። ጄሉ ድዱን እንዳይነካ ቅርጹ ውስጥ በጣም ትንሽ ጠብ ማድረግ፤ ማታ ከእራት በኋላ ለአጭር ጊዜ መጉረስ፤ በማግስቱ ጥርሱን ማሳረፍ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለቻት በመጨረሻ። «ሕመም የመንጣት ምልክት አይደለም። ካመመሽ አቁሚና ወደኔ ነይ። ችዪው የሚልሽን ሰው አትስሚ።»

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ቤት ስንደርስ እናቴ «ምን አለቻችሁ?» ብላ ነበር። እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ልቧ ቀለል ብሏት ስለነበር ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስለ ጉድጓዱ ውሃም ጭምር።  እናቴ ያን ማታ እራቷን አልበላችም። በማግስቱ ጠዋት እግሯን ሳሽላት መናገር ጀመረች፤ የምትናገረው ግን ለእኔ ሳይሆን በሩ አጠገብ ጫማዋን ለምታስረው እህቴ ነበር።

«ቦዩ ደጃችን ነበር» አለች። «ሰዉ ሁሉ ከዚያ ነበር የሚቀዳው። እኔ ግን ለልጄ አልኩና ሞተሩ ድረስ እሄድ ነበር፤ ፀሐዩ እንደዚያ እየነደደ። አባታችሁ የጉድጓዱ ውሃ ንጹሕ ነው ስላለኝ። ጎረቤቶቼ ‹ይቺ የደጋ ሰው ትመጻደቃለች› ይሉኝ ነበር። ለካ በጀርባዬ አዝዬ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ።»

እህቴ ጫማዋን ሳታስር መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ከቦዩ የጠጡት የጎረቤታችን ልጆች የት አሉ?»

 እኔ አስታውሳቸው ነበር። በአንድ ክረምት ሁለቱም በተቅማጥ ሞተው ቀብራቸው ላይ ከእናቴ ጋር ቆሜያለሁ።

«እኔ ግን አለሁ» አለች እህቴ። «ጥርሴ በልዞ አለሁ።»

እናቴ አገጯን ይዛ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለቻት። እህቴ ከፈተች። እናቴ ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ ልብስ ላይ እንዳለ ነጥብ አጥብቃ አየችው። «እኔ እኮ ልጄ ናት ብዬ እንጂ እንዲህ ብዬ አይቼው አላውቅም» አለችና እጇን ወደ ጋቢዋ ውስጥ መለሰች። እህቴ ያን ቀን ሥራ የደረሰችው አርፍዳ ነው።

ፍልሰታ ገባ። ለእናቴ ጨው ተከልክሏል። ለእህቴ ደግሞ ሐኪሟ ጄሉን በጀመረችበት ሰሞን ቀለም ያለው ምግብ ቀነስ እንድታደርግ ነግራታለች፤ በርበሬው፣ እርዱ፣ ሻዩ ቀረ። በጣም ትኩስና በጣም ቀዝቃዛም ለጊዜው አትችልም ነበር። መጀመሪያ ሁለት ድስት እጥድ ነበር፤ በኋላ ድካሙ ሲበዛብኝ አንድ አደረግኩት። ድንች፣ ሩዝ፣ አበባ ጎመን፣ ጨው አልባ፣ ቀለም አልባ፣ ለብ ያለ። ሁለቱ አልጋው ላይ ሳህኑን መሀላቸው አድርገው ይበላሉ። እኔ ማዶ ሆኜ ሽሮዬን እበላለሁ። ያ ሽሮ አንድም ቀን አልጣመኝም።

«ሁለት ሕፃን ነው የምታሳድጊው» ትለኛለች እናቴ።

እህቴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥርሷ ላይ ያለው ነጠብጣብ ጭራሽ ገኖ ታይቷት ደነገጠች። ሐኪሟ ይህ እንደሚሆን አስቀድማ ነግራት ስለነበር ታገሠች። አንድ ማታ ደግሞ ነዘራትና አቁማ ሳምንት ያህል አሳረፈችው። እንዲህ እያለች፣ በነሐሴ ማለቂያ አካባቢ ቡናማው መስመር ጫፍ ጫፉ ላይ መሳሳት ጀመረ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ትመረምራትና «እንትን፣ ገለባ መስሏል» ትላለች። ለእሷ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር። በዚያው ልክ ግን የእናቴ እግር ከቁርጭምጭሚቷ አልፎ እስከ ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ፤ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር ቀርቶ ነጠላዋን ማጣፋት ያደክማት ነበር። ሆስፒታል መድኃኒቱን ጨመሩላትና መለሷት።

ጳጉሜ ላይ፣ እራት በልተን እንዳበቃን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። እህቴ ቅርጿን ጎርሳ እናቴ እግር ሥር ተቀምጣለች። ቅርጹ አፏ ውስጥ ሲሆን ማውራት አትችልም።

«ዛሬ እንኳ አፍሽ ተይዞልኛል፤ ሳታቋርጪኝ ላውራ» አለች እናቴ።

ስለ ተወለደችበት ቀን አወራቻት። ሙቀቱ፣ አባታችን አዋላጅ ፍለጋ ሞተሩን ሳያጠፋ መሮጡ፣ ውሃው ገንዳውን ሞልቶ ፈሶ መንገዱን ማጨቅየቱ፣ አዋላጇ ጭቃው ውስጥ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ መግባቷ። አለቃው ለጠፋው ውሃ አባታችንን ሲቆጣው «ሴት ልጅ ተወለደችልኝ» ብሎ ብቻ እንደመለሰለት። እያረፈች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር የምትናገረው። እህቴ በአንገቷ እሺ፣ እሺ ትላለች፤ ዓይኗ ይስቃል። በመሀል አንድ ነገር ለመጠየቅ ፈልጋ ጣቷን አነሳች፤ እናቴ «ነገ ትጠይቂኛለሽ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ትራሷን ላስተካክል ስገባ እናቴ አልነቃችም። እጇ ገና ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም ነበር። እህቴን ጠራኋት።

እህቴ ያን ቀን አፏን አልሸፈነችም። ግቢያችን ውስጥ፣ እድርተኛው ድንኳን ሲተክል፣ አፏን ሙሉ ከፍታ አለቀሰች። ለዓመታት በጉርብትና የኖሩ ሴቶች ጥርሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ አይቻለሁ።  የእጮኛዋ አክስት ከሀዘንተኞች ጋር መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ራሷን ደረታቸው ላይ አስደግፈው እስከ ቀብር ሰዓት አልለቀቋትም። በሠልስቱ ጓዳ ገብተው አጠገቤ ቆሙ።

«እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለልጄ የማይሆን ነገር ተናግሬያለሁ።»

«አላወቁም እኮ» አልኳቸው። 

አዲስ ዓመት በጥቁር ልብስ አለፈ። ሰርጉ ወደ ጥር ተዛወረ። እህቴ ቅርጹን ከነማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ ወርውራው ነበር። ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ በእናቴ አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን ሳለ ድንገት ተናገረች።

«አንድ ቃል አልመለስኩላትም። አፌ ውስጥ ፕላስቲክ ጎርሼ።»

«ሰምተሻታል እኮ።»

«ልጠይቃት የፈለግኩት ነገር ነበረ።»

«ምን ነበር?»

«ሞተሩን ማን እንዳጠፋው» አለችና እንባዋ መጣ። «ይኸው ነው። ሌላ አይደለም። ሞተሩን ማን እንዳጠፋው።»

እኔም አላውቅም ነበር። ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርኩ ልጅ ነኝ፤ ከሞተሩ ይልቅ የእናቴ ጩኸት ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሁለቱም የሉም። ከሞት ነገር ሁሉ ይህ ይከብደኛል፤ ትልቁ ነገር ሳይሆን እንዲህ ያለው ትንሽ ጥያቄ መላሽ ማጣቱ።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ማታ ሳህን አጥቤ ስመለስ እህቴ እናቴ እግር ሥር ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀምጣ አገኘኋት። ቅርጹን ጎርሳለች። ለሰርጉ ብላ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጊዜው ሲያበቃ አውጥታ፣ አፏን በለብታ ውሃ ተጉመጥምጣ መጣች።

«ስጎርሰው ድምፅዋ ይመጣልኛል» አለችኝ። «ዝም ማለት ስላለብኝ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ አዳምጣታለሁ።»

ከዚያ በኋላ በእነዚያ ማታዎች ሬዲዮውን አልከፍትም፣ ዕቃ አላንኳኳም። ሐኪሟ እንዳዘዘቻት አንድ ማታ ትጎርሳለች፣ ቀጥሎ ታሳርፋለች። በምታሳርፍባቸው ማታዎች ይበልጥ ይከፋት ነበር። ጄሉ ሲያልቅ ሌላ ልጨምር ብላ ሄደች፤ ሐኪሟ አየቻትና «ከዚህ በላይ ጥርስሽን መጉዳት ነው፤ ይበቃሻል» አለቻት። እህቴ ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለጥርሱ እንዳልሆነ ሐኪሟ አላወቀችም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ «በጣም ጥሩ ሆኖልሻል እኮ» ብላ አጽናናቻት።

እውነትም ጥሩ ሆኖላት ነበር። ነጭ አልሆነም። ቡናማው መስመር ግን ጠጋ ብሎ ለሚፈልገው ካልሆነ የሚታይ አልነበረም። ቀዝቃዛ ውሃም ትጠጣ ጀመር።

ሰርጉ ያለ ድንኳንና ያለ ዘፈን፣ በቁርባን ሆነ። አክስቱ ደጃፉ ላይ ቆመው እናታችንን ተክተው ተቀበሉን። ፎቶ አንሺው «እስቲ ሳቅ በሉ» ሲል እህቴ እጇን አበባው ላይ እንዳደረገች ሳቀች፤ ትንሽ፣ ለአፍታ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ሳቄ አልመጣም። ፎቶው ላይ አሁንም የተኮሳተርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ለቡ ትኖራለች። እኔ ሀና ማርያም ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጥርሴ ነጭ ነው፤ ሽማግሌ የላከብኝ ግን የለም፤ ይህንን ስላት እህቴ ትቆጣኛለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ሲመሽ ታክሲ እስከምታገኝ አብሬያት እቆማለሁ። ባለፈው ሰልፉ ረጅም ነበር።

«እማዬ አሁን ብታየኝ ምን ትል ነበር?» አለችኝ።

አሰብኩት። ስለ ጥርሷ የሚያምር ነገር ተናግሬ ላስደስታት ፈለግኩ። የእናቴ አፍ ግን እንደዚያ አይናገርም ነበር።

«‹ከስተሻል› ትልሽ ነበር» አልኳት። «‹ባልሽ እህል አያበላሽም ወይ› ትልሽ ነበር።»

እህቴ ‹ልክ ነሽ› በሚል ራሷን ነቀነቀች።  ተራዋ ደርሶ ስትገባ ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ እኔም ቁልቁለቱን ይዤ ወደ ቤቴ ወረድኩ።